አሞሌና ነጥብ

ታይምሼር አንድን የመዝናኛ ቤት በሳምንት ሸንሽኖ ለብዙ ገዢዎች የመሸጥ ንግድ ነው። ዓመቱ 52 ሳምንት አለው፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ለእድሳት ይተዉና የቀሩት ለየገዢያቸው ይታደላሉ። ገዢው መጀመሪያ የመግዣውን ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቤቱን ረገጠም አልረገጠ በየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለበት። ንግዱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ተጀመረ። የስዊዘርላንዱ ሃፒማግ በ1963 ተቋቋመ፤ በፈረንሳይ አልፕስ ያለው ሱፐርዴቮሊ በ1967 ክፍሎቹን በዚህ መልክ መሸጥ ያዘ። በ1970ዎቹ አሜሪካ ገባና እዚያ ገነነ። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በላስ ቬጋስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁትም ይህንኑ አሜሪካዊ መልኩን ነው።

የሚከተለው ምልልስ የካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ እንጦጦ ሥር ባለ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ የተደረገ ነው። አንደኛው ተናጋሪ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራ የሰፈሩ ልጅ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማኪያቶና የመምህሩ ልጅ ከአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ የላከችው የውል ቅጂ አለ። ልጅየዋ ነሐሴ ላይ አባቷን በሜዲትራንያን ባሕር በመርከብ ልታዘዋውር አስባለች፤ ሒሳቡን የምትዘጋው ላስ ቬጋስ በገዛችው የታይምሼር ነጥብ ነው።

መምህሩ፦ ልጄ በስልክ «አባባ፣ በነጥብ ስለሆነ ምንም አልከፍልም» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ነጥብ ስሰጥ ኖሬ እንዲህ ያለ ነጥብ ሰምቼ አላውቅም። ምን ዓይነት ነገር ነው?

ወኪሏ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ የሚሸጠው የታወቀ ቤትና የታወቀ ሳምንት ነበር። «የነሐሴ ሁለተኛው ሳምንት፣ ክፍል ቁጥር ይህ፣ በየዓመቱ» ተብሎ ይፈረማል። ግን ማን በየዓመቱ አንድ ቦታ እየሄደ ይኖራል? ስለዚህ የመለዋወጫ ድርጅቶች መጡ፤ አርሲአይ እ.ኤ.አ. በ1974 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ፣ ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል በ1976 ማያሚ። ፍሎሪዳ ሳምንት ያለው ስፔን ሳምንት ካለው ጋር ይቀያየር ጀመር። ልውውጡ ግን ከጠብ አልዳነም። የገና ሰሞን ሳምንትና የዝናብ ሰሞን ሳምንት እኩል አይደሉም፤ ባሕር የሚያየው ክፍልና መኪና ማቆሚያ የሚያየውም እንደዚያው። መመዘኛ ሲጠፋ ነጥብ ተፈጠረ። ዲዝኒ በ1991 የዕረፍት ክለቡን ሲከፍት በነጥብ ነበር፤ ማሪዮት በ2010 የራሱን ወደ ነጥብ አዞረ። አሁን ገዢው «በዓመት ይህን ያህል ነጥብ አለህ» ይባላል። እያንዳንዱ ክፍልና እያንዳንዱ ሌሊት የነጥብ ዋጋ ተለጥፎበታል፤ ገዢውም ነጥቡን በፈለገበት ይመነዝራል።

መምህሩ፦ እንግዲህ ገንዘብ ፈጠሩ በዪኛ። አገራችን የገንዘብ ዓይነት አታጣም ነበር። ምኒልክ እዚህ ተራራ ላይ ሲከትሙ የሸዋ ገበያ የሚንቀሳቀሰው በጠገራ ብርና በአሞሌ ጨው ነበር። በስማቸው ብር ያስቀረጹት ወደ ታች ወደ አዲስ አበባ ከወረዱ በኋላ ነው፤ ፓሪስ የተመታው ብር ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት 1887 ነው። አሞሌ ከአፋር ረባዳ በጡብ መልክ ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ ደጋ ይወጣል። ከሚቆፈርበት አጠገብ ብዙውን ጡብ በአንድ ጠገራ ታገኚያለሽ። ወደ ጎንደር፣ ወደ ሸዋ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ምዕራብ በሄደ ቁጥር ግን በዚያው ጠገራ የምታገኚው እያነሰ ይሄዳል። አሞሌ ከምንጩ ሲርቅ ይከብራል።

በዚህ ጊዜ የጭራሮ ሸክም የተሸከሙ ሁለት ሴቶች አጎንብሰው ከበረንዳው ሥር አለፉ። ሸክሙ ከራሳቸው ቁመት ይረዝማል። መምህሩ በእጃቸው አመለከቱ፤ ተራራው ላይ ያለ ጭራሮና ሾላ ገበያ የደረሰ ጭራሮ ዋጋቸው እንደማይገናኝ ለመናገር ነው።

ወኪሏ፦ የታይምሼር ነጥብ የዚህ ግልባጭ ነው፣ ጋሼ። ከምንጩ ሲርቅ ይረክሳል። ነጥቡን የሸጠው ኩባንያ ራሱ በሚያስተዳድረው ቤት ደህና ያወጣል። በመለዋወጫ በኩል ሌላ ኩባንያ ቤት ሲሄድ ትንሽ ይጎድላል፤ የመለወጫ ክፍያም ይጨመርበታል። መርከብ ላይ ሲደርስ ከሁሉ ይረክሳል።

መምህሩ፦ ምክንያቱ? ጨው ሲርቅ የሚወደደው የግመሉ፣ የነጋዴው፣ የኬላው ቀረጥ ስለሚደመርበት ነው። ነጥብ ግመል አይፈልግ።

ወኪሏ፦ ኬላ ግን አለው። የራሱ ቤት ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ማደሻውንም፣ የጽዳት ሠራተኛውንም፣ ጥበቃውንም የሚከፍሉት አባላቱ በየዓመቱ በሚያዋጡት ነው። ልጅዎ እዚያ ብታድር ኩባንያው ከኪሱ የሚያወጣው የለም። መርከቡ ግን የሌላ ሰው ነው። የመርከብ ድርጅት ነጥብ ተቀብሎ ነዳጅ አይገዛበትም፤ ዶላር ይፈልጋል። ስለዚህ ኩባንያው ነጥቡን ይወስድና በዚያ ነጥብ ሊታደርበት ይችል የነበረውን ክፍል ለሌላ መንገደኛ ያከራያል። ወይም አዲስ ገዢ ለማማለል ያሳድርበታል። ካገኘው ላይ ትርፉን ያነሳና በቀረው የመርከቡን ትኬት ይቆርጣል። ትኬቱን ስለሸጠም ከመርከብ ድርጅቱ እንደ ወኪል ኮሚሽን ያገኛል። ነገሩን ሳልደብቅ ልንገርዎ፤ ልጅዎ በጥሬ ገንዘብ በእኔ ቢሮ ብትገዛ ያ ኮሚሽን የኔ ነው። ስለዚህ ምክሬን በዚያ ልክ ቀንሰው ይስሙት።

መምህሩ፦ ቀንሼ እሰማለሁ። ቁጥሩን ግን አሳይኝ፤ ቁጥር ኮሚሽን አይበላም።

ወኪሏ የማኪያቶውን ደረሰኝ ገልብጣ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። ውሉ ላይ የሰፈረው 8,000 ነጥብ በዓመት ነው፤ የጥገና ክፍያው 1,200 ዶላር። የቀሩትን አኃዞች ለስሌት እንዲመች ራሷ ያዘች።

ወኪሏ፦ 1,200 ዶላርን ለ8,000 ሲያካፍሉት አንድ ነጥብ 15 ሳንቲም ይመጣል። ይህ ነጥቡን በየዓመቱ በእጅ ለማድረግ የሚወጣው ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የከፈለችውን የመግዣ ዋጋ አላስገባሁም። አሁን ለሁለት ሰው የሰባት ሌሊት ጉዞ፣ የክፍሉ ዋጋ 1,600 ዶላር ነው እንበል። የኩባንያው የመርከብ ክፍል አንዱን ነጥብ በ10 ሳንቲም ይቀበላል እንበል። ስንት ነጥብ ይጠይቃታል?

መምህሩ፦ አሥራ ስድስት ሺህ። የሁለት ዓመት ነጥብ።

ወኪሏ፦ ያንን ነጥብ ለማግኘት የከፈለችው ሁለት ጊዜ 1,200፣ ማለትም 2,400 ዶላር ነው። 2,400 ከፍላ የ1,600 ዶላር ዕቃ ገዛች ማለት ነው። በዚያ ላይ የወደብ ቀረጥና ታክስ በነጥብ አይከፈልም፤ ለሁለት ሰው 300 ዶላር ብለን እንያዘው። መርከብ ላይ የአስተናጋጆች ጉርሻ በየቀኑ በየሰው ሒሳብ ይቆረጣል፤ በቀን 16 ዶላር ብንል ለሁለት ሰው በሰባት ቀን 224 ይሆናል። የነጥብ ማስተናገጃ ክፍያ 100 እንበል። ድምሩ 3,024 ዶላር ነው። ያንኑ መርከብ፣ ያንኑ ክፍል በጥሬ ገንዘብ ብትገዛ 1,600፣ 300 እና 224፤ ድምሩ 2,124።

መምህሩ፦ ዘጠኝ መቶ ዶላር ልዩነት። «ምንም አልከፍልም» ያለችው ይህንን ነው?

ወኪሏ፦ ዋሽታ አይደለም። ክፍያው ከጉዞው በፊት፣ በሁለት የተለያየ ጥር ወር ከሒሳቧ ስለወጣ አይታያትም። መርከቡ ላይ ስትሳፈር ቦርሳዋን አትከፍትም፤ ስለዚህ ነፃ ይመስላል። ሰው ለነጥብ ያለው አመለካከት ለገንዘብ ካለው ይለያል። ዶላር ብትቆጥር «ውድ ነው» ትላለች፤ ነጥብ ስትቆጥር ግን «በቂ አለኝ» ነው የምትለው። ይህንን ኩባንያዎቹ ያውቁታል።

መምህሩ፦ እቁብ ያልታየን ገንዘብ ያሳያል፤ ይኼ ደግሞ የታየውን ይሰውራል። እቁብ ውስጥ ሺህ ብር የጣለ ተራው ሲደርስ የሚቀበለው ብር ነው። ዳኛው መሐል ላይ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ የእናንተ ሺህ ብር ስምንት መቶ ነው» ቢል ማን ያስቀምጠዋል?

ወኪሏ፦ እዚህ ግን ይላል። (የውሉን አንድ ገጽ ገልብጣ በጣቷ ጠቆመች፤ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው።) ይህ አንቀጽ ኩባንያው የመርከብና የሌሎች ተጨማሪ አገልግሎቶችን የነጥብ ተመን በማናቸውም ጊዜ ሊለውጥ እንደሚችል ይናገራል። የራሱ ቤት ላይ ያለው የነጥብ ሰንጠረዥ የተሻለ ጥበቃ አለው፤ መርከቡ ግን «ተጨማሪ ጥቅም» ነው የሚባለው፤ ነገ ሊያስቀሩትም ይችላሉ።

መምህሩ፦ የአየር መንገዳችን ሼባ ማይልስ ከዚህ በምን ይለያል? ወንድሜ በእሱ ናይሮቢ ሄዶ መጣ።

ወኪሏ፦ ዘመድ ናቸው፣ መንታ ግን አይደሉም። በማይል የተገኘ ትኬትም ታክሱ በገንዘብ ይከፈላል፤ ማይሉም ሳይጠቀሙበት ከቆዩ ጊዜው ያልፍበታል። እስከዚህ አንድ ናቸው። ማይል ግን ቀድሞውኑ ለሚገዙት ትኬት የሚሰጥ ምርቃት ነው፤ ባይኖርም ወንድምዎ ይበር ነበር። ማይሉን ለመያዝ በየዓመቱ 1,200 ዶላር የሚከፍል የለም። ምርቃት በምንም ዋጋ ቢመነዘር አይቆጭም። በገንዘብ የተገዛ ነጥብ ነው የሚቆጨው።

መምህሩ፦ ይኸው ነጥብ የራሱ ቤት ላይ ስንት ያወጣ ነበር?

ወኪሏ፦ 8,000 ነጥብ አንድ ሳምንት ያሳድራል እንበል። ያ ክፍል አባል ላልሆነ ሰው በሳምንት 1,500 ዶላር ቢከራይ፣ 16,000 ነጥብ የ3,000 ዶላር ማደሪያ ሆነ፤ አንዱ ነጥብ ወደ 19 ሳንቲም። እዚያ 19፣ መርከቡ ላይ 10። ልጆቿን ይዛ ሁለት ሳምንት ኩባንያው ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው ቤት ብታሳልፍበት ከከፈለችው በላይ ታገኛለች። ብዙ ሰዎች የሚሠሩት ደግሞ ሌላ አለ፤ ሳምንቱን ለሚያውቁት ሰው አከራይተው መርከቡን በተገኘው ገንዘብ ይገዛሉ። ውሉ ለንግድ ማከራየትን ይከለክል እንደሆነ ግን አስቀድሞ ማንበብ ያሻል።

መምህሩ፦ ስለዚህ በነጥብ መርከብ መሳፈር ሁልጊዜ ሞኝነት ነው?

ወኪሏ፦ አይደለም። ነጥብ የሚሞትበት ቀን አለው። ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገር የሚቻለው እስከ አንድ ቀን ድረስ ነው፤ ያ ቀን ካለፈና ዓመቱ ሊያልቅ ከሆነ የጥገናው ክፍያ ወጥቶ አልቋል፤ አይመለስም። ያን ጊዜ ጥያቄው «15 ሳንቲሜ የት ገባ» መሆኑ ይቀርና «10 ሳንቲም ይሻላል ወይስ ባዶ» ይሆናል። አሥር ይሻላል። አንዳንዴ ደግሞ መርከቡ ሊነሣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ኩባንያው ያልተሸጡ ክፍሎችን በጥቂት ነጥብ ያወጣል። ጡረታ የወጣ፣ ከወደቡ አጠገብ የሚኖርና ሻንጣው የተዘጋጀ ሰው ይጠቀምበታል። ከአዲስ አበባ ቪዛ ጠይቆ ለሚሄድ ሰው ግን አይሆንም።

መምህሩ፦ እሱን አቆይተሽ፣ 1,600 ዶላሩ ምን ይዞ ይመጣል?

ወኪሏ፦ አልጋ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ፣ ማታ ትርዒት። መጠጥ፣ ኢንተርኔትና ወደብ ላይ ወርዶ መጎብኘት ለብቻ ይከፈላል። መርከቦቹ ተንሳፋፊ ከተማ ናቸው፤ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከማያሚ ሥራ የጀመረችው፣ እስከ 7,600 መንገደኛ ትጭናለች።

መምህሩ፦ ጧትና ከሰዓት ፈረቃ ተደምሮም ትምህርት ቤቴ ያን ያህል ተማሪ ኖሮት አያውቅም። ለመሆኑ ጉዞው ነሐሴ ላይ አይደል? ፍልሰታ እኮ ነው! ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሥጋና ወተት አልቀምስም፤ ከቀትር በፊትም አልበላም። የምግቡን ግማሽ ዋጋ ለዓሣ ነባሪ ልሰጠው ነው።

ወኪሏ፦ (ሳቀች) አትክልት ይኖራል፤ ግን የከፈሉበት ቁርስ ሁሉ በእርስዎ በኩል ባዶ ይሄዳል። ነሐሴ ደግሞ የአውሮፓ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ መርከብም ነጥብም የሚወደድበት ወር ነው። ጥቅምት ቢሆን በሁለቱም ይረክሳል።

ምልልሱ ከዚህ በኋላ ወደ ፓስፖርት ዞረ። የመምህሩ ልጅ የአሜሪካ ዜጋ ናት፤ እሳቸው የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። የሚያዝናና ርዕስ ባይሆንም ከነጥቡ ይልቅ ጉዞውን የሚወስነው ይኸው ነው።

ወኪሏ፦ የላከችው መርሐ ግብር ከሮም ወደብ ከሲቪታቬኪያ ተነሥቶ ማርሴይንና ባርሴሎናን ይነካል፤ ከዚያ ቱኒዝያ ወርዶ ይመለሳል። ለእሷ ቀላል ነው። ለእርስዎ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ይዘው ነው የሚያመለክቱት። ዋናው ችግር ቱኒዝያ ነች። መርከቡ ቱኒዝያ ሲደርስ ከሸንገን ወጡ፤ ሲመለሱ እንደገና መግባትዎ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ይፈለጋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ላይ ለኢትዮጵያውያን የቪዛ አሰጣጡን አጥብቋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ ማመልከቻ የማየት ጊዜውም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ወሰነ።

መምህሩ፦ ካሪቢያንስ? በልጄ አገር በኩል?

ወኪሏ፦ ያውም ያው ነው። ከ2017 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች የሚሰጠው የአሜሪካ ቪዛ ባብዛኛው ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ማያሚ ገብተው ወደ ደሴቶቹ ከወጡ ለመመለሻው ሌላ ቪዛ ይፈለጋል። መርከብ ላይ የሚያሳፍረው ሠራተኛም ይህን አይቶ ነው የሚያሳልፈው። ለእርስዎ የሚሻለው ጣልያንን፣ ፈረንሳይንና ስፔንን ብቻ የሚዞረው መስመር ነው፤ አንዴ ገብተው አንዴ ይወጣሉ።

መምህሩ፦ ቪዛው ቢከለከልስ? ነጥቡ ይመለሳል?

ወኪሏ፦ እዚህ ላይ ነው ነጥብና ገንዘብ የሚለያዩት። በጥሬ ገንዘብ የተገዛ ጉዞ ብዙ ጊዜ በጊዜው ከተሰረዘ ቀብዱ ቢቀርም የቀረው ይመለሳል። በነጥብ የተገዛው የሁለት ሕግ ተገዢ ነው፤ የመርከቡና የኩባንያው። መርከቡ ቢመልስ እንኳ የሚመልሰው ለኩባንያው ነው። ነጥቡ ካለፈው ዓመት የተሻገረ ከሆነ ደግሞ ሲመለስ ጊዜው አልፎበት ያገኙታል። የ45 ቀን ቪዛ የሚጠብቅ ሰው በነጥብ ቀድሞ መያዝ የለበትም። ቪዛው ይቅደም።

ማኪያቶው በርዷል። ከተራራው የወረደ ነፋስ ወረቀቶቹን ሲያነሣቸው መምህሩ የስኳር ዕቃውን ጫኑባቸው። ጥቂት ዝም ብለው ወደ ላይ፣ ወደ ባሕር ዛፉ አዩ።

መምህሩ፦ ይህ ንግድ እዚህ፣ እንጦጦ ላይ ቢመጣስ? ፓርኩ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ማደሪያም አለበት።

ወኪሏ፦ ያለው በሌሊት የሚከፈል ነው፤ አድረው፣ ከፍለው፣ ይወርዳሉ። አሜሪካ ውስጥ እንደሚሸጠው «ለዘላለም የእርስዎና የልጅ ልጆችዎ ሳምንት» የሚል የርስት ሰነድ ግን እዚህ መሠረት አያገኝም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ቤቱ የግል ይሆናል፤ ቦታው ግን በሊዝ ዘመን የተገደበ ነው። ስፔንም እኮ ዘላለም የሚለውን አልወደደችውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ50 ዓመት በላይ የሚያስሩ የታይምሼር ውሎችን ፈራሽ አድርጓል።

መምህሩ፦ እንግዲህ እውነተኛውን ጥያቄ ላውጣው። ልጄ ውሉን የላከችልኝ መርከቡን እንዳይበት ብቻ አይደለም። በዚህ ገጽ ታች «ሁለተኛ ባለቤት» የሚል መስመር አለ፤ «አባባ ፈርምበት፤ አንተም አባል ትሆናለህ፤ መጥተህ በራስህ ስም ታድራለህ» ብላኛለች። ምን ማለት ነው?

ወኪሏ፦ በስምዎ ማደር ማለት ነው፤ በስምዎ ዕዳም ማለት ነው። ሁለተኛ ባለቤት የጥገናውን ክፍያ ከመጀመሪያዋ ጋር ይጠየቅበታል። ክፍያው በዶላር ነው፣ በየዓመቱም ከፍ ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 1,200 ዶላር ወደ 68,000 ብር ማለት ነው። ዶላር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ያው ክፍያ ከ120,000 ብር በላይ ሆኗል። የጡረታ ደመወዝዎን ሲያስቡት?

መምህሩ፦ አላስበውም፤ አስበዋለሁ ብል እሳቃለሁ። እሷ ራሷስ ከዚህ መውጣት ትችላለች?

ወኪሏ፦ ቀላሉ መውጫ ተዘግቶባታል። የገዙ ሰዎች ሐሳባቸውን የሚለውጡበት አጭር ጊዜ በሕግ ይሰጣል፤ ርዝመቱ እንደ ቦታው ነው። ቨርጂኒያ 7 ቀን፣ ፍሎሪዳ 10 ቀን፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን ይሰጣሉ። እሷ የገዛችው ላስ ቬጋስ ነው፤ ኔቫዳ የምትሰጠው 5 ቀን ብቻ ነው። ገለጻው ላይ ነፃ ምሳና የትርዒት ትኬት ሰጥተው አንድ ሰዓት ተኩል ያስቀመጧት፣ ያን ቀን ካልፈረመች ዋጋው እንደሚጨምር የነገሯት ለዚህ ነው። አምስቱ ቀን ሽርሽሩ ሳያልቅ ያልቃል።

መምህሩ፦ ብትሸጠውስ?

ወኪሏ፦ ከመጀመሪያው ገዢ ወደ ሁለተኛ ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል፤ ያገለገለ ታይምሼር በኢንተርኔት በአንድ ዶላር የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ገዢው የሚወስደው ዓመታዊውን ክፍያ ስለሆነ። ደህና መንገድ የሚባለው ራሱ ኩባንያው መልሶ የሚረከብበት አሠራር ካለው መጠየቅ ነው፤ ዕዳ የሌለበትን ውል ያለ ክፍያ የሚቀበሉ አሉ። በስልክ «ገዢ አግኝተንልሻል፤ ቀረጡን አስቀድመሽ ላኪ» የሚላት ሰው ግን ሌባ ነው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 እንዲህ ባለው ማጭበርበር ከሜክሲኮው የሃሊስኮ የዕፅ ቡድን ጋር ያያያዛቸውን ሰዎችና ድርጅቶች በማዕቀብ መዝገቡ ላይ አስፍሯል።

መምህሩ፦ ብትሞትስ፣ አያድርገውና? ለልጆቿ ይተላለፋል?

ወኪሏ፦ በርስት መልክ የተጻፈ ከሆነ ይተላለፋል፤ ወራሾቹ ግን አንቀበልም የማለት መብት አላቸው። አስቀድሞ ሁለተኛ ባለቤት ሆኖ የፈረመ ሰው ያ መብት የለውም። እሱ ወራሽ አይደለም፤ ባለዕዳ ነው።

መምህሩ ብዕሩን አነሡ። «ሁለተኛ ባለቤት» በሚለው መስመር ላይ አንድ አግድም ሰረዝ አሰመሩ፤ ፈተና ሲያርሙ ባዶ መልስ ላይ እንደሚያሰምሩት ዓይነት። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ወኪሏ እየነገረቻቸው ለልጃቸው የሚልኩትን ጥያቄ ጻፉ። ነጥቡ ወደሚቀጥለው ዓመት የሚሻገርበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? የዚህን ዓመት 8,000 ነጥብ ቨርጂኒያ ያለው ቤት ለአንድ ሳምንት ይቀበለዋል ወይ? መርከቡ ጥቅምት ላይ፣ ሦስቱን አገሮች ብቻ የሚነካው፣ በጥሬ ገንዘብ ስንት ነው?

ሒሳቡን መምህሩ ከፈሉ፤ ወኪሏ ደረሰኙን፣ ጀርባው ላይ ስሌቱ ያለበትን፣ ለልጃቸው ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላት ውሉ ውስጥ ሸጎጠችላቸው።